በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፦ ራስን ለመከላከል የሚያዝ ሽጉጥ፣ የሕግ ድንበሩና ጠብን የማብረድ ባህል

የአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሆኑት ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የጦር መሣሪያ መያዝ ከጥንት ጀምሮ የወንድነትና የባለርስትነት ምልክት ሆኖ የኖረባቸው አካባቢዎች ናቸው። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፤ ሽጉጥ ግን በልብስ ሥር ይሸጎጣል። ስሙም የመጣው «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ ነው። በትከሻ የተነገተን መሣሪያ ተጣዪም ገላጋይም አስቀድሞ ያየዋል፤ የተሸጎጠው ግን የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ጠቡ ከጋለ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ሽጉጥ የያዘ ሰው በሕግም በባህልም የሚጠበቅበት ጥንቃቄ ከፍ ያለ ነው።

ይህ ጽሑፍ የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር ኃላፊዎች፣ የፍትሕና የፀጥታ አካላት እንዲሁም የመንግሥት ሠራተኞች በዕለት ተዕለት ሥራቸው የሚገጥማቸውን ይህንኑ ጉዳይ ይመለከታል። ራስን መከላከል በሕግ የሚፈቀደው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ ገደቡን ማለፍ ምን እንደሚያስከትልና ነገሩ ከመተኮስ በፊት የሚበርድባቸውን መንገዶች በየተራ ያቀርባል።

አካባቢውና የመሣሪያው ታሪክ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድ የላይ ጋይንት ከተማ በሆነችው በነፋስ መውጫ በኩል ያልፋል። የታች ጋይንት ማዕከል ዐርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ አባይና በሽሎ ሸለቆዎች የሚወርደው ይህ ምድር ደጋውንም ቆላውንም የያዘ ነው። ብዙ ቀበሌዎች ከዋና መንገድ የራቁ በመሆናቸው ፖሊስ በፍጥነት ለመድረስ ይቸገራል። ነዋሪው «መሣሪያዬ ጠባቂዬ ነው» የሚለውም ስለዚህ ነው።

የጦር መሣሪያው ታሪክም ከአገሪቱ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት መድፍ አሠርተዋል። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የተጓዙትም በጋይንት በኩል ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመን የበጌምድር አርበኞች ከጠላት የማረኩትን ምንሽርና አልቤን ለልጅ ልጅ አውርሰዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዞኑ የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ ክላሽንኮቭን በየመንደሩ አዳርሷል።

በቅርብ ዓመታትም በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ለቀናት በጦርነት ውስጥ ቆይታለች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭትም የአካባቢውን አስተዳደርና ፍርድ ቤቶች ሥራ አውኳል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ተራዝሞ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጨረሻ ላይ አብቅቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሣሪያ የሚፈልገው ሰው ይበዛል፤ ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው አካል ግን ይሳሳል። በመሆኑም የሕጉን ድንበር ማወቅ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ አስፈላጊ ይሆናል።

ፈቃድ የመጀመሪያው ደረጃ ነው

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን ከፈቃድና ከምዝገባ ጋር አያይዞታል። ዐዋጁ የተቆጣጣሪነቱን ሥልጣን ለፌዴራል ፖሊስ ሲሰጥ፣ የክልል ፖሊስ በውክልና የሚሠራበትንም መንገድ አመቻችቷል። ኢትዮጵያ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የተፈረመውን የአነስተኛና ቀላል መሣሪያዎች ፕሮቶኮል ከፈረሙት የምሥራቅ አፍሪካና የአካባቢው አገሮች አንዷ ናት። ዐዋጁም ይህንኑ ግዴታ ወደ አገር ውስጥ ሕግ ያመጣ ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሦስት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው፣ ፈቃድ ለተሰጠው ሰውና ለተመዘገበው መሣሪያ ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ነው። የአባት ፈቃድ ለልጅ፣ የባል ፈቃድ ለሚስት፣ የወንድም ፈቃድ ለወንድም አይሆንም። ሁለተኛው፣ ለሥራ የተሰጠ የመንግሥት መሣሪያ የግል ንብረት አለመሆኑ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ ፈቃድ የመያዝ እንጂ የመተኮስ መብት አለመሆኑ ነው። ፈቃድ ያለውም የሌለውም ሰው የተኮሰ እንደሆነ ድርጊቱ የሚመዘነው በወንጀል ሕጉ ነው። በሌላ በኩል ያለ ፈቃድ መሣሪያ የያዘ ሰው በሕጋዊ መከላከል ነጻ ቢወጣ እንኳ፣ ያለ ፈቃድ በመያዙ በተናጠል ከመጠየቅ አይድንም።

ሕጋዊ መከላከል፦ አራቱ መመዘኛዎች

በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። ይህንን ሕግ የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የሕጋዊ መከላከልን መርህ በአንቀጽ 78 ደንግጎታል። ከአንቀጹ የሚወጡት መመዘኛዎች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነ መሆን አለበት። በሕግ አግባብ ሊይዘው የመጣን ፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያስፈጽም የመጣን ሹም ተኩሶ የመታ ሰው «ራሴን ተከላከልኩ» ሊል አይችልም።

ሁለተኛ፣ ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። ትናንት የዛተ ሰው ዛሬ በገበያ መንገድ ላይ ስለታየ ብቻ መተኮስ መከላከል አይደለም። ጥቃቱ ካለፈ በኋላ የሚደረገውም እንዲሁ ነው። በሬ ሰርቆ የሚሸሽን ሰው ከጀርባው መትቶ መግደል ሕይወትን ከማዳን ሳይሆን ከብቀላ የሚቆጠርበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት። ወደ ቤት ገብቶ በር መዝጋት፣ መንገድ መልቀቅ፣ ኡኡታ አሰምቶ ጎረቤት መጥራት ወይም ገላጋይ እስኪደርስ መታገሥ የሚቻል ከነበረ፣ ፍርድ ቤት ይህንን ሁሉ ይመረምራል። በዚህ ነጥብ ላይ ሕጎች ከአገር አገር ይለያያሉ። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በሕጋዊ ቦታው ያለ ሰው የማፈግፈግ ግዴታ የለበትም ይላል። የኢትዮጵያ ሕግ ግን «በሌላ መንገድ ሊወገድ አይችልም ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። በውጭ አገር ፊልም ወይም ከውጭ በተመለሰ ዘመድ ወሬ ተመርቶ «ቤቴ ድረስ የመጣን ሰው መግደል እችላለሁ» ማለት ስለዚህ ትልቅ ስሕተት ነው።

አራተኛ፣ መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ሕጉ የአደጋውን ክብደትና የሚጠበቀውን መብት ዋጋ ያመዛዝናል። ንብረትም በሕግ የተጠበቀ መብት ነው፤ ሆኖም አንድ ነዶ ጤፍ ወይም የግጦሽ ሣር ከሰው ሕይወት ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። በጥፊ ለመታ ሰው፣ ለሰደበ ሰው ወይም ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ጥይት መልስ አይሆንም። ስድብ በአካባቢው ባህል እጅግ የሚከብድ ቢሆንም በሕግ ዓይን የግድያ ፈቃድ አይሰጥም።

ከገደቡ ማለፍና የሚያስከትለው ቅጣት

አንቀጽ 79 ከመከላከል መጠን ላለፈ ሰው ፍርድ ቤት ቅጣቱን እንዲያቀልለት ይደነግጋል። መጠኑን ያለፈው ጥቃቱ ባሳደረበት ይቅርታ የሚያሰጥ ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መናወጥ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ነጻ ሊያደርገውም ይችላል። ሰው የገደለ ከሆነ ነገሩ በቀላል የሰው ግድያ አንቀጽ 541 የሚታይበት ዕድል አለ፤ በዚህ አንቀጽ ያለው ቅጣት ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ነው። መከላከል መሆኑ ካልታመነ ግን ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። አስቦና ተዘጋጅቶ የተፈጸመ ከባድ ግድያ ሲሆን ደግሞ አንቀጽ 539 የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም የሞት ቅጣት አስቀምጧል። በእነዚህ አንቀጾች መካከል ያለው ርቀት የአንድን ቤተሰብ ዕድል የሚወስን ነው፤ ርቀቱን የሚለካው ግን ብዙ ጊዜ የጥቂት ሰከንዶች ውሳኔ ነው።

በሌሊት የሚያጋጥም ስሕተትም የራሱ ድንጋጌ አለው። በጨለማ የመጣን መንገደኛ ሌባ መስሎት የተኮሰ ሰው በአንቀጽ 80 መሠረት የሚዳኘው እውነት መስሎ በታየው ሁኔታ ነው። ሆኖም «ማነህ?» ብሎ በመጠየቅ ወይም ባትሪ በማብራት ስሕተቱን ሊያስወግድ ይችል የነበረ እንደሆነ በቸልተኝነት ይጠየቃል። አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 1 በቸልተኝነት ሰው ለገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም ከ2000 እስከ 4000 ብር መቀጮ ይደነግጋል። በሠርግ፣ በለቅሶና በበዓል ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት ወርዶ ሰው ሲገድልም ተኳሹ በደስታ ወይም በሐዘን ላይ ነበርኩ በማለት ከዚህ ተጠያቂነት አያመልጥም።

ስካርም ሰበብ አይሆንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 50 ሆን ብሎ ወይም በጥፋቱ ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ ከኃላፊነት እንዳያመልጥ ይከለክላል። ሽጉጥ ታጥቆ ጠላ ቤት ወይም አረቄ ቤት መግባት ስለዚህ በሁለት በኩል አደገኛ ነው፤ ጠቡን ይጠራል፣ መከላከያውንም ያሳጣል።

የመሬት ጠብ

በገጠር አካባቢዎች ወደ ደም ከሚያመሩ ክርክሮች መካከል የወሰን መግፋት፣ የግጦሽና የመስኖ ውኃ ተራ በቀዳሚነት የሚጠቀሱ ናቸው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1148 ባለይዞታ ይዞታውን የሚነጥቀውን ወይም ሁከት የሚፈጥርበትን ሰው በኃይል ለመመለስ መብት ሰጥቶታል። ይህ ድንጋጌ ብዙ ጊዜ በግማሹ ብቻ ይጠቀሳል። አንቀጹ ራሱ ባለይዞታው ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ ከሆነ የኃይል ድርጊት እንዲቆጠብ ያዛል። ቀጣዩ አንቀጽ 1149 ደግሞ ይዞታው እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲከስ መንገድ ከፍቶለታል። የተገፋ ወሰን በፍርድ ይመለሳል፤ የጠፋ ሕይወት ግን በምንም አይመለስም።

በክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት የሚሰጠው የይዞታ ደብተርም ለባለመብቱ ከሽጉጥ የሚበልጥ መከላከያ ነው። ደብተሩ በወቅቱ እንዲታደስ፣ ወሰኑም ተለክቶ አዋሳኞች ባሉበት ምልክት እንዲደረግበት ማድረግ የወረዳው መሬት አስተዳደር ሥራ ቢሆንም፣ በውጤቱ የወንጀል መከላከል ሥራም ነው።

ጠብን የማብረድ መንገዶች

የአገሩ ባህል ለጠብ ማብረጃ የሚሆን የዳበረ ሥርዓት አለው። ከሁሉ የታወቀው «በሕግ አምላክ!» የሚለው ቃል ነው። «በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚለው ብሂል እንደሚያሳየው፣ ቃሉ የተጣዩን እጅ ለመያዝ በቂ ሆኖ ኖሯል። ቀድሞ ሁለት ተካሳሾች ነጠላቸውን አቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደነበር፣ መንገደኛም ተለምኖ በዛፍ ጥላ ሥር ይዳኝ እንደነበር ይታወቃል። ባህሉ ያስተምር የነበረው የተቆጣ ሰው ፈራጅ ሊሆን እንደማይገባ ነው።

ይህንኑ መሠረት በማድረግ ሽጉጥ የያዘ ሰው ሊከተላቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

መሣሪያ የያዘ ሰው ከማንም ይልቅ ታጋሽ መሆን ይጠበቅበታል። ባዶ እጁን ያለ ሰው ስድብ መልሶ ቢሄድ ነገሩ በዚያ ያልቃል፤ የታጠቀ ሰው የሰነዘረው ቃል ግን እንደ ዛቻ ይቆጠራል።

ሽጉጡን ማሳየት፣ ልብስን ገልጦ ጎንን መንካት ወይም «አሳይሃለሁ» ማለት ጠብን አያበርድም። ሌላውም እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ በማስፈራራት ወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ርቀትን መጠበቅ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግና እጅን በሚታይ ቦታ ማኖር፣ እንዲሁም ተጣዪውን በአንቱታ ወይም «ወንድሜ» ብሎ መጥራት ጊዜ ይገዛል። ሌላው መፍትሔ ሁሉ የሚመጣው በተገኘው ጊዜ ውስጥ ነው።

ለተጣዪው መውጫ መተው ያስፈልጋል። በሰው ፊት የተዋረደ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይቸግረዋል። «ነገሩን ነገ ሽማግሌ ይየው» የሚለው አነጋገር ሁለቱንም ወገን ከነክብራቸው ያሰናብታል። ትቶ የሄደም እንደ ፈሪ ሳይሆን ምራቁን እንደዋጠ ሰው ሊቆጠር ይገባል፤ ይህንን በአደባባይ የሚመሰክሩለት ደግሞ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶች ናቸው።

ጠብ በሚጠበቅበት ቦታ፣ ማለትም በወሰን ልኬት፣ በውርስ ክፍፍል፣ በገበያና በመጠጥ ቤት፣ መሣሪያን አስቀድሞ ከቤት ትቶ መሄድ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው። በቤትም ቢሆን ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡ ተቆልፎበትና ከሕፃናት ርቆ መቀመጥ አለበት።

ከተኩስ በኋላ

ነገሩ ሳይበርድ ቀርቶ ጥይት የተተኮሰ እንደሆነ ቀጥሎ የሚደረገው ነገር በፍርዱ ላይ ትልቅ ክብደት አለው። የመጀመሪያው ግዴታ ለቆሰለው ሰው ርዳታ እንዲደርስ ማድረግ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 በአደጋ ላይ ያለን ሰው ሊረዳ እየቻለ የተወን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ሁለተኛው ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ማስታወቅ ነው። ወደ በረሃ መግባት ከሕጋዊ መከላከል ጋር የማይሄድ ድርጊት ሲሆን፣ የሟች ወገኖችንም ወደ ብቀላ ይገፋል። ሦስተኛው መሣሪያውን፣ ቀለሁንና ቦታውን እንደነበረ መተው ነው፤ የርቀቱና የአቅጣጫው ማስረጃ ለእውነተኛ ተከላካይ የሚጠቅም ነውና። የተያዘ ሰው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ላለመናገር መብት አለው፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል።

እርቅና ፍርድ

በአካባቢው አንድ ነፍስ ሲጠፋ ነገሩ በሁለት ሰዎች መካከል አይቀርም። የሟች ወገን «ደመኛ» ይሆናል፤ ደም መላሽነትም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በዚህ ጊዜ የአገር ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል እየገቡ፣ ካሣ አስቆርጠውና አስምለው የሚያካሂዱት እርቅ ተከታይ ግድያዎችን ያስቀራል።

ሆኖም እርቅ ፍርድን አይተካም። ግድያ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል ስላልሆነ ወገኖች ቢታረቁም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። እርቁ ዋጋ የሚያገኘው በሌላ በኩል ነው፤ እውነተኛ ጸጸትና ጉዳትን መካስ በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣት ማቅለያ ይሆናሉ። የሟች ወራሾችም በአንቀጽ 101 መሠረት ካሣ የመጠየቅ መብት አላቸው። በጎው አሠራር ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛውን፣ ሽማግሌው ደግሞ ቂሙን በየፊናቸው እንዲይዙ ማድረግ ነው። ሽማግሌው ወንጀሉን እንዲሸፍን መገፋፋትም ሆነ፣ «ፍርድ ተሰጥቷል» ብሎ እርቁን መናቅ ሁለቱም ጉዳት ያስከትላሉ።

የመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ ድርሻ

ለሥራው ወይም ለግሉ ሽጉጥ የያዘ ኃላፊ ከተራው ሰው የበለጠ ይታያል። በመሬት ክርክር ስብሰባ ላይ የተሸጎጠ ሽጉጥ ይዞ የተቀመጠ ሹም፣ አንድ ቃል ባይናገርም፣ ተከራካሪው ሐሳቡን በነጻነት እንዳይገልጽ ያደርጋል። በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎች፣ ሕግ አስከባሪዎች መጀመሪያ ኃይል በሌለበት መንገድ እንዲጠቀሙ፣ መሣሪያ ከመጠቀማቸው በፊትም ማንነታቸውን ገልጸው በግልጽ እንዲያስጠነቅቁ ይጠይቃሉ። የሕግ አስከባሪነት ሥራ ለሌለው ሠራተኛ ደግሞ መመዘኛው የማንኛውም ዜጋ አንቀጽ 78 ነው፤ ሹመት የተለየ የመተኮስ መብት አይሰጠውም።

በወረዳ ደረጃ ሊሠሩ የሚችሉ ጠቃሚ ሥራዎች ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። መሣሪያ ያላቸውን ሰዎች መመዝገብና ፈቃዳቸውን መከታተል፣ ስብሰባና ልኬት በሚካሄድበት ቦታ መሣሪያ የሚቀመጥበትንና ተመዝግቦ የሚመለስበትን ሥርዓት ማበጀት፣ የዛቻ አቤቱታን «ገና ምንም አልተደረገም» ብሎ አለመመለስ፣ በዕድርና በሰንበቴ ላይ የአንቀጽ 78ን አራት መመዘኛዎች በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የወሰንና የውርስ ክርክርን በወቅቱ መቋጨት ነው። አቤቱታው በመዝገብ ቤት ሲጓተት የከረመበት ገበሬ ፍትሕን በራሱ እጅ ለመፈለግ ይፈተናል፤ ውሳኔውን በጊዜው ያገኘ ግን ሽጉጡን የሚያወጣበት ምክንያት ያንሰዋል።